በረጅሙ ቀሚስ ውስጥ የተሰፋው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ያልነበራችሁ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የነበራችሁም ሞኝነቴን ደግማችሁ ብትሰሙ አትጎዱም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከገበያው ጀርባ፣ ከመጽሐፍ መሸጫው ጎን፣ ሦስት የስፌት መኪና በተደረደረባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ሱቋ የእቴቴ ናት። እቴቴ ልጅ አልወለደችም፣ ሰፈሩን በሙሉ ግን ልጄ እያለች ትቆጣለች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ለገባ ለወጣው ቅጽል ስም ታወጣለች። እኔን በቅጥነቴ "መርፌ" ትለኛለች። የሰፈራችንን ዶክተር ልጅ ደግሞ "ሁለት ቀሚስ"።

ሁለት ቀሚስ ያለቻት በከንቱ አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዶክተሩ ትልቅ ቤት ጨርቅ በመጣ ቁጥር የሚሰፋው ሁለት ነው፤ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። አጭሩ የራሷ ነው። ሜትሬን ይዤ የምለካው እሷን ነው፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደግሞ ስለካት ትንፋሼን ውጬ ነው። ረጅሙ ውጭ አገር ለምትማረው ለታላቅ እህቷ የሚላክ ነው ይባላል። ለእሱ አሮጌ ቀሚስ ለናሙና ይመጣል፣ እኔም ያንን አይቼ እቆርጣለሁ። ገና በመጀመሪያው ዓመት ናሙናው ግራ ትከሻው ላይ ተጨማድዶ አየሁና የለባሽዋ ትከሻ በዚያ በኩል ዝቅ ይላል ማለት ነው ብዬ፣ ማንም ሳያዘኝ ከውስጥ ስስ ጥጥ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ ሁሌም እጨምራለሁ። ናሙናውና የዶክተሩ ልጅ ልብስ በአንድ ሳሙና የታጠቡ መሆናቸውን አፍንጫዬ እያወቀ ጭንቅላቴ ግን አላወቀም።

የምንጻጻፈው በቀሚስ ነው። እሷ በአባቷ ክሊኒክ መድኃኒት ክፍል ትሠራለች፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሱቃችን ፊት ታልፋለች። በአደባባይ ቆመን ብናወራ ወሬው እሷ ክሊኒክ ሳትደርስ እቤቷ ይደርሳል። ስለዚህ የአጭሩን ቀሚስ ጠርዝ ስዘመዝም አራት ጣት ያህል በላላ ስፌት እተወዋለሁ፣ ደብዳቤዬ እዚያ ይገባል። እሷም መልሷን "ጠበበኝ"፣ "ሰፋኝ" እያለች በምትመልሰው ልብስ ውስጥ ትከትልኛለች። እቴቴ "ይቺ ልጅ አንዴ ትወፍራለች አንዴ ትከሳለች፤ ሐኪም ቤት እየሠራች አትታይም እንዴ?" ትላለች፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ።

አንድ ሕግ ብቻ ነበራት። "በአጭሩ ብቻ። በረጅሙ ውስጥ እንዳታስገባ፣ አደራህን።"

አግቢኝ ያልኳት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ "አልችልም" አለችኝ። "አልፈልግም" አላለችም፤ ልቡ የተሰበረ ሰው ግን ቃል አይመርጥም። እሷ የትልቅ ቤት ልጅ፣ እኔ የመርፌና የክር ሰው፤ ሌላ ምን ምክንያት ይኖራል ብዬ ቁስሌን ይዤ ዝም አልኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ የጠየቅኳት በዚህ ወር ነው። ዶክተሩ በሕክምና ያገለገሉበት ሠላሳኛ ዓመት እሑድ ሊከበር፣ ቤቱ ሁሉ ሽር ጉድ ይላል። ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ መጣ፤ እንደ ልማዱ ሁለት ቀሚስ። "የኔንም በዚህ ጊዜ አስረዝመው፣ ለድግስ ነው" አለችኝ። ሁለቱ ልብሶች መንታ ሆነው ወጡ። እንዳይምታቱብኝ የእሷን ኮሌታ ውስጡን በጠመኔ ምልክት አደረግኩበት። ደብዳቤዬን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ። ከአንገትሽ ሥር ያለችውን ቁልፍ በቀይ ክር ተክያታለሁ። እሺ ካልሽ በጥሰሽ እጄ ላይ አኑሪልኝ። እንቢ ካልሽ ባለችበት ተያት፣ እኔም ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።"

ምሳ በልቼ ስመለስ እቴቴ ልትረዳኝ ብላ ሁለቱንም ቀሚሶች በእርጥብ ጨርቅ ላይ በካውያ መትታ ሰቅላቸዋለች። ጠመኔው የት አለ? በእንፋሎት ሄዷል። እኔም በዓይኔ ለካሁና አንዱን አነሣሁ። ትከሻውን ብዳስሰው ጥጡ ወዲያው ይነግረኝ ነበር፤ ግን የፍቅር ደብዳቤ የያዘ እጅ ትከሻ አይዳስስም። ደብዳቤውን ሰፋሁ፣ ቁልፏን በቀይ ክር ተከልኩ፣ ለቤቱ ሠራተኛ አስረከብኩ።

ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አለፈች። ለእቴቴ እጅ ነሣች፤ ለኔ ግን ቀና እንኳ ሳትል መንገዱን እያየች ሄደች። ረቡዕም እንዲሁ። ሐሙስ ዓይኖቿ አብጠው አየሁ። እኔም እንቢታዋን ቆጥሬ ተቀበልኩ። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ፣ ሰው እንዳይሰማኝ በድምፁ ተከልዬ አለቀስኩ።

አርብ ዕለት ሠራተኛዋ አንዱን ሰማያዊ ቀሚስ ይዛ መጣች። "እጅጌው ይስተካከል ተብሏል" ብላ አስቀምጣው ሄደች። አነሣሁት። ትከሻው ላይ ጥጡ፣ ከኮሌታው ሥር ቀይ ክር!

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ደብዳቤዬ የማይገባበት ቦታ ገብቶ ኖሯል። "ውጭ አገር ሊላክ የነበረ ልብስ" ብዬ አሰብኩ፤ "በአራት ቀን ደርሶ ተመለሰ?" ጠርዙን ዳሰስኩት። ያቺን የአራት ጣት ቦታ አንድ ሌላ እጅ በነጭ ክር፣ ከኔ በተሻለ ጥንቃቄ ዘምዝሟታል። ክሩን ሳብኩት። በማላውቀው የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

"ለልብስ ሰፊው፤

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለኔ መስሎኝ። ቀጥሎ ለኔ እንዳልሆነ ገብቶኝ። ሦስተኛውን እንዲሁ ደስ ስለሚል። ቁልፏ የኔ ስላልሆነች አልበጠስኳትም።

ውጭ አገር አይደለሁም። ከቤታችን ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሳሎኑ እንግዳ ሞልቶት፣ የሚጥል በሽታዬ ተነሣብኝና መሐላቸው ወደቅኩ። ግራ ትከሻዬ የተሰበረው ያን ቀን ነው። እናቴ ለእንግዶቹ 'ሙቀቱ ነው' አለች። በነጋታው ለጊዜው ተብሎ ወደ ኋላው ክፍል ገባሁ። ሰው ሲጠይቅ 'አክስቷ ጋ ሄደች' ተባለ፣ ዓመት ሲያልፍ 'ውጭ አገር ሄደች' ሆነ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት። አባቴ መድኃኒቴን በእጁ ይሰጠኛል፤ አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ ከወደቅኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። በሽታው ተወኝ፣ የቤተሰቤ ስም ግን አልተወኝም።

እህቴ እንቢ የምትልህ ልብስ ሰፊ ስለሆንክ አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ደጃፌ ላይ ተቀምጣ 'አንቺ በፊት ለፊቱ በር እስክትወጪ እኔም አግብቼ ከዚህ ቤት አልወጣም' ብላ ማለችልኝ። ሞኝ ናት፣ መሐላዋን ትጠብቃለች።

ጥጥ የጨመርክበትን ቀሚስ የለበስኩ ቀን መስተዋት ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ማንም እንዳላዘዘህ አውቃለሁ፤ በዚህ ቤት ስለ ትከሻዬ የሚናገር ሰው የለም። የማላውቀው ሰው አየኝ ማለት ነው። ስለዚህ አንተን ልለምንህ። እስከ ዛሬ የሰፋህልኝ ሁሉ የቤት ልብስ ነው። ይህንን የመውጫ ልብስ አድርግልኝ። እሑድ እወጣለሁ። ለእህቴ አትንገራት። ካወቀች ትፈራልኛለች፣ ከፈራችልኝ ደግሞ እኔም እፈራለሁ።"

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ተናድጃለሁ፣ አፍሬአለሁ፣ ደግሞም፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ በደስታ ልበር ደርሻለሁ። "አልችልም" ያለችው እውነት አልቻለችም ነበር።

"ምን ሆነሃል መርፌ? መልክህ ተለዋወጠ" አለች እቴቴ።

"የመውጫ ልብስ ልሠራ ነው።"

"ከዚያ ቤት ለማን?"

እቴቴ ረጅሙን ቀሚስ አየች፣ ትከሻውን በጣቷ ጫን አደረገችው። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

"ያኔ ለዚያ ቤት መጋረጃ ስሰፋ የሰባት መስኮት አዘዙኝ" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ስምንት ቆጥሬአለሁ። ለስምንተኛው ጨርቅ አጥሯቸው ይሆናል ብዬ ራሴን አሞኘሁት። አልጠየቅኩም እኮ መርፌ። ትልቅ ሰው ቤት ነው ብዬ።" ተነሥታ ከሣጥኗ ሥር ለራሷ ያስቀመጠችውን የሐር ገበር አወጣች። "በል፣ በዚህ ስፋላት። ስትራመድ ይሰማ።"

ሁለታችንም እስኪመሽ አንገታችንን አላቀናንም። ኮሌታውን ፈታሁ፣ ወገቡን ያዝ አደረግኩት፣ ገበሩን ጨመርኩ። ጥጡን ላወጣው ነበር፤ ከዚያ አሰብኩበትና ተውኩት። ቀይ ክሯንም አልነካኋትም። ስጨርስ ልብሱን ከፍ አድርጌ ያዝኩትና በሕይወቴ የዚያን ያህል በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

እሑድ ከሰዓት ለበዓሉ የሰፋሁትን የዶክተሩን ኮትና ቀሚሱን በክንዴ ይዤ ወደ ትልቁ ቤት ሄድኩ። ቀሚሱን ለሠራተኛዋ ሰጠኋት፤ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ የምታውቀውን እንደማውቅ ገባትና ወደ ጓሮ ታጠፈች። እኔ ዶክተሩ ኮቱን እስኪሞክሩ መተላለፊያው ላይ ቁም ተባልኩ። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ አለ፤ አባት፣ እናት፣ አንዲት ልጅ። ከሥሩ መደርደሪያው ላይ የማላውቀው ከተማ ሥዕል ያለበት ፖስት ካርድ በክፈፍ ቆሟል። "ትልቋ የላከችልን ነው" እያሉ ያሳዩታል። የተገዛው ከሱቃችን ጎን ካለው መጽሐፍ መሸጫ ነው፤ እኔው ራሴ መስኮቱ ላይ አይቼዋለሁ።

"አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?"

ዞር አልኩ። የኔዋ ናት፤ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች። ልኬቱ ልክክ ብሎባታል፤ ያን ሰዓት እሱን ማየቴ እኔንም አስገርሞኛል።

"የአባትሽን ኮት ላደርስ።"

"አድርስና ሂድ። እባክህ።"

"ሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኩሽ፣ አንዲት ቃል ነፈግሽኝ።"

"መቼ ጠየቅከኝ?" ድምፅዋ ተሰበረ። "ቀሚሱን ፈትቼዋለሁ እኮ! ጠርዙን ዙሪያውን ፈትቼ ፈለግኩ፤ ባዶ ነው። ሰለቸሁት፣ በቃኝ ብሎ ተወኝ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ።"

"ጽፌአለሁ። ጠመኔው ጠፍቶብኝ… በረጅሙ ውስጥ ነው ያስገባሁት።"

ከፊቷ ላይ ደሟ ሲሄድ አየሁ። እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

"አነበበችው?"

"ሦስት ጊዜ።"

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት። አፏን በእጇ ያዘች። አሥራ አራት ዓመት የተሸከመችው ነገር ከጫንቃዋ ላይ ሲንሸራተት ታየኝ፤ ወዲያው ግን መልሳ ያዘችው።

"እንግዲህ አወቅክ" አለች። "አሁንም አልችልም። ቢያንስ ምክንያቱን አውቀህ ይቅለልህ።"

"አይቀለኝም።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

"እጠብቃለሁ።"

"እኔ እኮ አሥራ አራት ዓመት ነው የጠበቅኩት! ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከሥራ ስገባ በመስኮቷ 'ዛሬ ምን ለብሰው አየሽ፣ ማን ምን አለ?' ትለኛለች። መንገዱን በኔ ዓይን ነው የምታየው። እሷን ጥዬ የት እሄዳለሁ?"

"ለትከሻዋ ጥጥ ስጨምር ሰባት ዓመቴ ነው" አልኳት። "ካንቺ ግማሽ ደርሻለሁ። ቀሪውን አብረን እንጠብቅ።"

አየችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሱቅ መስኮት በኩል ስትሰርቅ የኖረችውን እይታ ያን ሰዓት ሳትሰርቅ፣ በሙሉ ዓይኗ ሰጠችኝ። እህቷ ዛሬ እንደምትወጣ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አደራው ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። "ልጄ፣ ነይ እንጂ፣ ንግግሩ ሊጀመር ነው!" የሚል የእናቷ የድግስ ድምፅ መጣ። እንባዋን ጠርጋ ገባች፣ እኔ በሩ ዘንድ በፍቅርና በፍርሃት መካከል ቆሜ ቀረሁ።

ዶክተሩ ረጅም፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰው ናቸው። ኮቱም፣ ራሴን ላመስግን አይደለም፣ አምሮባቸዋል። ስለ ሠላሳ ዓመታቸው ተናገሩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። "ከአባቴ የወረስኩት ሀብት ሳይሆን ስም ነው" አሉ። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ይህን ስም ሳላጎድፍ ለልጄ አወርሳለሁ።"

ከፊት ከተቀመጡት እንግዶች አንዷ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ተንኮል የማያውቁ ሴት ናቸው፤ ፈገግ ብለው "ለልጆችዎ ይበሉ እንጂ ዶክተር! ውጭ አገር ያለችውስ? ለዚህ ቀን ሳትመጣ ቀረች?" አሉ።

እናትየዋ የሻይ ትሪ እንደያዘች ቀልጠፍ አለች። "አይ፣ ፈተና ላይ ናት፤ ባይመቻት ነው እንጂ—"

"መጥቻለሁ እማዬ።"

ከማየቴ በፊት የሰማሁት ገበሩን ነው። እቴቴ እንዳለችው፣ ስትራመድ ሐሩ ተሰማ። በጓሮው መተላለፊያ በኩል፣ ቀጥ ብላ፣ ሰማያዊውን ረጅም ቀሚስ ለብሳ ገባች። የእህቷ መልክ ነው ያላት፤ ፀሐይ ስላላገኘው ብቻ ፈዘዝ ያለ። ከአንገቷ ሥር ቀይ ክሯ ትታያለች።

የእናትየዋ ፈገግታ ፊቷ ላይ ተረስቶ ቀረ።

አንዱ እንግዳ "ይቺ ደግሞ ማናት?" አለ።

ሁሉም ወደ ዶክተሩ ዞረ። እኔ ከበሩ ሆኜ ከንፈራቸውን እያየሁ፣ ልጄ ይበሉ፣ ልጄ ይበሉ እላለሁ በልቤ።

"ታካሚዬ ናት" አሉ።

አምላኬ! የልጅቷ እጅ የሚይዘው ሲፈልግ አየሁ። እኔም ወደ ፊት ተንቀሳቀስኩ፤ ግን የቀደመኝ ሌላ ሰማያዊ ቀሚስ ነው። የኔዋ እንግዶቹን በክርኗ እየገፋች ሳሎኑን አቋርጣ የእህቷን እጅ ያዘች።

"እህቴ ናት!" አለች። ያ በሹክሹክታ የለመድኩት ድምፅ ጣሪያውን ነካ። "ታላቅ እህቴ ናት። አንድ ቀን ውጭ አገር ሄዳ አታውቅም። ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነው የኖረችው። እናንተ እዚህ ሻይ ስትጠጡ ሳቃችሁን ትሰማ ነበር።"

"ልጄ፣ ዝም በይ!" አሉ ዶክተሩ።

"አባዬ፣ ዝም ያልኩት ይበቃል።"

ታላቅየዋ የእህቷን እጅ ጨበጥ አደረገችና ቀና አለች። "አባዬ አልዋሸም" አለች ረጋ ብላ። "ታካሚውም ነኝ፣ ልጁም ነኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። እያያችሁኝ ከሆነ አትሳቀቁ፣ አልወድቅም። ብወድቅም እነሣለሁ።" ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። "ስም ከመቃብር በላይ ይዋል አባዬ። እኔ ግን ገና አልተቀበርኩም።"

ዳይሬክተሯ ከወንበራቸው ተነሡ። "ዶክተር" አሉ፣ "የኔን ልጅ ስንት ዓመት በክሊኒክዎ የኋላ በር እያስገባሁ አሳክሜአለሁ። ሰው እንዳያይብኝ። ያኔ ሳለቅስ ምን አሉኝ? 'አይዞሽ፣ የሚያሳፍር በሽታ አይደለም፣ ልጅሽን ቀና ብለሽ ይዘሽ ውጪ' አላሉኝም? ዛሬ ልጄ መምህር ሆኗል። እርስዎ ነዎት ያወጡት።" ድምፃቸው ሰለለ። "ለኔ ልጅ የማያሳፍረው ለእርስዎ ልጅ እንዴት ሆነ?"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ሽማግሌ መሆናቸው ታወቀ።

"ብዬ ነበር" አሉ። "ለሰው ሁሉ እላለሁ። ቤቴ ስገባ ግን…" በእንግዶቹ መካከል አልፈው ልጃቸው ፊት ቆሙ። መድኃኒት ለአሥራ አራት ዓመት የሰጣትን እጅ ዘርግተው፣ የት እንደሚያሳርፉት ሳያውቁ ቆዩና ግራ ትከሻዋ ላይ አኖሩት። ጥጡን ዳሰሱት። ግራ ገባቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ትከሻዬን ማን እንዳቃናው ነው የምትጠይቀኝ?" አለች፣ በእንባዋ ውስጥ እየሳቀች። "መድኃኒቱን አንተ ሰጠኸኝ አባዬ። ትከሻዬን ግን ያ በሩ ላይ መርፌ በአፉ ይዞ የቆመው ነው።"

ለኮቱ ያወጣኋትን መርፌ በአፌ መያዜን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ዶክተሩ ተንበርክከው አላለቀሱም፣ ረጅም ንግግርም አላደረጉም። ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ ቅድም ስለ ስማቸው በተናገሩበት ድምፅ ሳይሆን ዝግ ባለ፣ የአባት ድምፅ "ልጄ ናት" አሉ። "የመጀመሪያ ልጄ። ያሳፈረችኝ እሷ አይደለችም።"

መጀመሪያ ያጨበጨቡት ዳይሬክተሯ ናቸው። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ቤቱ ተናጋ። እናትየዋ ትሪውን የሆነ ቦታ አስቀምጣ መጣች። የልጇን ኮሌታ አስተካከለች፣ የተስተካከለውን መልሳ አስተካከለች። "ቀለሙ ያምርብሻል" አለች በመጨረሻ። ልጅቷም ግንባሯን እናቷ ደረት ላይ ጣለች። በዚያ ቤት የዚያን ቀን ያላለቀሰ ሰው ካለ እኔ አላየሁትም።

ከዚያ ታላቅየዋ እጅጌዋ ውስጥ እጇን ከታ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ለእህቷ ሰጠቻት። "ይሄ ያንቺ ነው። ስላነበብኩት ይቅርታ። ሦስተኛውን ጊዜ ብቻ ነው ሆን ብዬ።"

የኔዋ እዚያው ቆማ አነበበችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የትኛው ቃል ላይ እንደደረሰች አውቃለሁ፤ በቃሌ ነው የማውቀው። ጨርሳ ቀና አለች። በእህቷ አንገት ሥር ያለችውን ቀይ ክር አየች። እህቷ ገባትና አገጯን ከፍ አደረገች።

"ይኸው፣ በጥሺያት። ቀስ በይ ግን፣ ልብሴን እንዳታበላሺው፤ አንድ የመውጫ ልብስ ነው ያለኝ።"

ቁልፏ ጠቅ ብላ ተበጠሰች። የኔዋ ሳሎኑን አቋርጣ፣ በአባቷ ፊት፣ በእናቷ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው ፊት እኔ ዘንድ መጣች። እጄን ራሷ ዘረጋችው። ቁልፏን መዳፌ ላይ አኑራ በላይዋ እጇን ከደነች።

"እችላለሁ" አለችኝ።

እኔ? እኔ መርፌዋን ከአፌ ሳላወጣ "እሺ" ለማለት ሞከርኩ። ከንፈሬን ወጋኝ። ከዚያ በላይ የጣፈጠኝ ደም የለም።

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እቴቴ ከደጅ "መርፌ! ሁለት ቀሚስ መጣች!" ብላ ጮኸች። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋ ተለወጠ። "ኧረ… ሁለት ሆነው ነው የመጡት።"

እህትማማቾቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በፊት ለፊቱ መንገድ፣ በገበያው መሐል ይመጣሉ። ሰው ቆም እያለ ያያቸዋል። ታላቅየዋ ትቸኩላለች፣ መልሳ ትቆማለች፣ የመጽሐፍ መሸጫውን መስኮት ታያለች፣ ፖስት ካርዱን አይታ በሳቅ ትፈርሳለች። ሱቃችን ስትገባ ከአንገቷ ሥር ቁልፍ የለም፣ ቀይ ክር ብቻ ተንጠልጥሏል።

"ቁልፍ ልታስተክይ ነው?" አልኳት።

"ቁልፍም፣ አዲስ ቀሚስም።"

ከልማድ እጄን ዘረጋሁ። "ናሙናውን አምጪ።"

እህቷን አየቻት፣ እቴቴን አየቻት፣ ወደኔ ዞረችና ሁለት እጆቿን ከጎኗ ከፍ አድርጋ በሱቁ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች።

"ናሙና አላመጣሁም" አለች። "ዛሬ ራሴን ነው ያመጣሁት።"